ግብረ ኃይሉ ውስጥ ማን ተቀመጠ?
(በዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፤ እንጅባራ፣ ግንቦት 2013 ዓ.ም.)

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ የኔታ፣ ሼህ፣ ከጤና ጣቢያና ከወረዳ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ወደ እንጅባራ በደህና መጣችሁ። ከደብረ ማርቆስና ከፍኖተ ሰላም ሌሊት የተነሳችሁ፣ ከባሕር ዳር፣ ከዳንግላና ከቻግኒ የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

እንደምታዩት ወንበሮቹ ተራርቀዋል። መጨባበጥም መሳሳምም የለም። ለጎጃም ሰው ይኼ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ለዓይነ ሥጋ መብቃታችን ትልቅ ነገር ነው። አምና ጉባኤ አላደረግንም፤ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነበር። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ የሁለት ዓመት ነው፤ በኮሮና ጊዜ ስለተረሱ ወገኖቻችንና በየወረዳው የወረርሽኝ ግብረ ኃይል ውስጥ ስለሚገባቸው ወንበር ነው የማወራው። ትንሽ ቢረዝም ታገሱኝ።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ወሩ ሳያልቅ ባሕር ዳር፣ ይቺው እንጅባራና ጥሊሊ ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተገደበባቸው። መጋቢት 30 አዋጁ ታወጀ። ፋሲካን ዘመድ ሳንጠይቅ አሳለፍን። ከቀናት በኋላ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሙስሊም ወገኖቻችን ተራዊሕን በየቤታቸው ሰገዱ።

ያን ሰሞን የምንሰማው ምክር አንድ ነበር። እጅህን ታጠብ፣ ራቅ በል፣ ቤትህ ተቀመጥ። ምክሩ ትክክል ነው። እኔም ስናገረው ከርሜያለሁ። ግን ምክሩ የተነገረው ቧንቧ ላለው፣ የራሱ ክፍል ላለው፣ ቤት ቢውልም ደመወዙ ለማይቀርበት ሰው ነበር። ጎጃም ውስጥ ግን ብዙ ዓይነት ሰው ነው ያለው።

ከቆሎ ተማሪው ልጀምር። ጎጃም የቅኔ አገር ነው እንላለን። ዲማን፣ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ደብረ ኤልያስን እየጠራን እንኮራለን። እዚያ ያለው ተማሪ ግን የጎጃም ልጅ ብቻ አይደለም። ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ ቅኔ ፍለጋ የመጣ ነው። በአካባቢው ዘመድ የለውም። ቀለቡ በእንተ ስማ ለማርያም ነው። ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ ይቆማል።

ያን ሰሞን ደጁ ተዘጋ። ሰዉ ጨክኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እናቶች በሩን ሳይከፍቱ ከውስጥ ሆነው «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው ይሸኙት ነበር። እንግዲህ ያ ልጅ ጦሙን አደረ ማለት ነው። ወደ ጎጆዎቹ ሄደን አይተናል። አራትና አምስት ሆነው በአንዲት ጎጆ ነው የሚያድሩት። አኮፋዳው ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ውስጡ ያለው የደረቀ የእንጀራ ፍርፋሪ ነው። ለእነዚህ ልጆች «ራሳችሁን ለዩ» ቢባሉ የት ይሂዱ?

ዳቦ ገዝተን አደልን። ወዲያው አለቀ። ከዚያ የኔታን ይዘን ወደ ደብሩ አስተዳዳሪና ወደ ቀበሌው ሄድን። ጥያቄያችን አጭር ነበር። ተማሪው ቤት ለቤት መዞሩ ይቅር፤ ምእመኑ እህሉን በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያስቀምጥ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው አስፈጭተው፣ ጋግረው ይብሉ። ሰንበቴዎቹ እሺ አሉ። ጤፍ ያለው ጤፍ፣ በቆሎ ያለው በቆሎ አመጣ። የሰዉ እጅ አላጠረም ነበር። የጠፋው ሳይፈራ የሚሰጥበት መንገድ ነው።

ባሕር ዳር ደግሞ ጣና ዳር ነገደ ወይጦ አሉ። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ከተማው ሳይቆረቆር ሐይቁን የሚያውቁ ወገኖቻችን ናቸው። ለዘመናት ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው ማዕድ አልቆረሱም። ይኼን ደፍረን መናገር አለብን። «ተራራቁ» የሚለው ምክር እነሱ ጋ ሲደርስ አንዲት እናት፣ እኛን ድሮም ርቃችሁናል፣ አሉን። ምን መልስ አለው? ከእኛ መካከል የመለሰላቸው አልነበረም።

የሚያጥቡትም የሚጠጡትም ከዚያው ከሐይቁ ነው። ቱሪስቱ ቀረ፤ የታንኳውና የዓሣው ገበያ አብሮ ቀዘቀዘ። ሳሙና ይዘን ሄድን። ተቀበሉን፣ መረቁን። ቀጥለው ግን ይኼ ሲያልቅስ፣ ብለው ጠየቁን። የሚፈልጉት ቦኖ ነበር። ቦኖው የት ቢተከል እንደሚሻል፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ዋጋው ስንት ቢሆን መክፈል እንደሚችሉ ሁሉ አስበው ጨርሰዋል። እስከዚያ ቀን የጠየቃቸው ሰው ብቻ ነበር የጠፋው።

ከመካከላቸው ሴቶችና ወጣቶች መረጡ። የሕግ ባለሙያችን ደብዳቤውን አብረዋቸው ጻፉ። ቢሮ ስንገባ የተናገሩት ግን እነሱ ናቸው፤ እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን አዳመጥን። በአንዱ ሠፈር ውኃው ገብቷል። በሌላው እስካሁን ቀጠሮ ላይ ነን። ይኼ ጉዳይ አልተዘጋም፤ ዛሬም አጀንዳችን ላይ አለ።

ወደዚህ ወደ አዊ ልምጣ። እዚህ አማርኛ የሚሰማ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ገበያ ላይ በአማርኛ መነጋገር አንድ ነገር ነው፤ ታምሞ የት እንደሚያም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያም ማስረዳት ሌላ ነው። አንዲት አዛውንት እናት ትንፋሽ ሲያጥራቸው የሚናገሩት በአዊኛ ነው። አዊኛ ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሩበት፣ የሬዲዮ ፕሮግራም ያለው ቋንቋ ነው። የሚናገር ነርስም፣ መምህርም አለ። ሆኖም ሞንታርቦ ጭኖ ገበያ ለገበያ ይዞር የነበረው መኪና በአማርኛ ብቻ ነበር የሚጮኸው። የአዊኛ መምህራኖቻችን መልእክቱን በስልካቸው ቀድተው ለሹፌሩ ሰጡት። ሹፌሩ ደስ ብሎት አጫወተው። ይኼ አንድ ሳንቲም አላስወጣም። አስቀድሞ ያሰበው ሰው አልነበረም እንጂ።

ደግሞም ጥር 23 የፈረሰኞቹ በዓል ሲመጣ እዚሁ እንጅባራ የአዊ ፈረሰኞችን ማህበር እናያለን። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቆየ፣ ሰው የሚያከብረው፣ አባላቱ ገጠር ድረስ ያሉ ማህበር ነው። ፈረሰኛው የተናገረውን ገበሬው ይሰማል። እንዲህ ያለ ማህበር እያለን መልእክቱን ለሞንታርቦ ብቻ የተውነው ለምንድን ነው? ለሚመጣው ጊዜ ከማህበሩ ሽማግሌዎች ጋር በጽሑፍ እንድንስማማ እፈልጋለሁ።

መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን ጉዳያቸውን ከሰዓት በኋላ በምልክት ቋንቋ ራሳቸው ስለሚያቀርቡት ብዙ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማስክ አፍን ሲሸፍን፣ የከንፈር እንቅስቃሴ አይቶ የሚረዳ ሰው ነርሷ ምን እንደምትለው አያውቅም። ከጤና ጣቢያ የመጣችሁ፣ እባካችሁ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አይጥፋ።

የቻግኒ ቅርንጫፋችን ዘንድሮ የተሸከመውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ራንች መጠለያ ገቡ። አማርኛ ተናጋሪ አለ፣ አዊኛ አለ፣ ሽናሽኛ አለ፣ ኦሮምኛ አለ። ድንኳን ውስጥ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተጠጋግቶ ይተኛል። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ስለ ሁለት ሜትር ርቀት ማውራት ይከብዳል። የቻግኒ አባሎቻችን መጀመሪያ ያዳመጡት ሐዘኑን ነው። ቀጥለው በየድንኳኑ መስመር ቋንቋውን የሚናገር ሰው ከራሳቸው ከተፈናቃዮቹ መካከል እንዲመረጥ ጠየቁ። ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ያተኮሰው ሰው ለማን እንደሚናገር፣ እርጉዟ ወዴት እንደምትሄድ የሚነግር ሰው። ከተረጂዎቹ አንዷ ያለ ክፍያ ቀኑን ሙሉ ስታስተረጉም ትውል እንደነበር ሰምቼ ኮርቻለሁ፤ ደግሞም አዝኛለሁ። ያ ሥራ ሊከፈልበት ይገባል። እንዲከፈልበት መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንዳንድ አባሎቻችን በቅን ልብ ሞግታችሁኛል። «ሰው እየራበው እናንተ ደብዳቤ ይዛችሁ ከቢሮ ቢሮ ትዞራላችሁ» ብላችሁኛል። ይኼን የምትሉት ስለምትቆረቆሩ ነው። የራበው ይብላ፤ በዚህ ክርክር የለንም። ግን አቅማችንን እናውቀዋለን። በአባላት መዋጮ የሚተዳደር ማህበር አንድ ሠፈር ሙሉ አይቀልብም። ውኃ የሚያስገባው፣ ነርስ የሚመድበው፣ እህል ከመጋዘን የሚያወጣው መንግሥት ነው፤ ያውም ከግብራችን። በጀቱ ሲደለደል የተረሳው ማን እንደሆነ እዚያው ተገኝቶ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። የሰጠነው ሳሙና በሳምንት ያልቃል። ያስከፈትነው ቦኖ ግን በሽታው ካለፈም በኋላ ይቀዳል። ለዚህ ነው በሚመጣው ዓመት ከጉልበታችን የሚበዛውን ለጥብቅናው እናውል የምለው።

ጥብቅናው ደግሞ ልመና አይደለም፣ ጠብም አይደለም። አንድ ቢሮ ለወራት «ነገ ኑ» ብሎ አመላልሶናል። «ድጋፍ ይደረግልን» የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ቀበሌው ተጠቅሶ፣ የቤተሰቡ ቁጥር ተቆጥሮ፣ ቋንቋው ተጽፎ፣ ቦታው በእጅ ተስሎ ሲቀርብ ግን ኃላፊው እስክሪብቶ ያነሳል። ባለጉዳዩ ራሱ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል። መቼም ሰው ፊቱን አይቶት «ነገ ና» ማለት ይከብደዋል።

አሁን ክትባቱም መጥቷል። የካቲት 28 ቀን ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶዝ አስትራዜኒካ የተባለው ክትባት፣ ኮቫክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ በኩል አገር ውስጥ ገባ። መከተብ የተጀመረው መጋቢት 4 ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ በተነገረ ልክ በዓመቱ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ይኼ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለአረጋውያንና የቆየ ሕመም ላለባቸው ቅድሚያ መሰጠቱ ትክክል ነው። ችግሩ፣ ተራው የደረሰው አዛውንት ተራው መድረሱን መስማቱ ላይ ነው።

ወሬም አለ። መካን ያደርጋል የሚል አለ፤ 666 ነው የሚልም አለ። እንዲህ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትሳቁበት፤ አትቆጡትም። ፈርቶ ነው። የፈራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የንስሐ አባቱን፣ ሼኹን ወይም የአገር ሽማግሌውን ነው። ነርሷ ከእነሱ አጠገብ ትቁም። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ በገበያ ቀን ትምጣ። ለጥያቄም ጊዜ ትስጥ። በየጤና ጣቢያው የምናቀርበው ጥያቄ ይኼ ይሁን።

ዛሬ ለድምፅ የማቀርበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በየወረዳው የወረርሽኝ ግብረ ኃይል ውስጥ እስከ ዛሬ ስንናገርላቸው የቆየን ወገኖች የራሳቸው ወንበር ይኑራቸው። ለፎቶ የሚጠሩበት አይሁን፤ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚፈርሙበት፣ ውሳኔ ላይ ድምፅ የሚሰጡበት ይሁን። ሁለተኛው መዝገብ ነው። አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መጥቶባቸዋል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ያኔ በየቆሎ ቤቱ፣ በጣና ዳር፣ በአዊ ገጠር ማን እንደታመመ፣ ማን እንደቀበረ፣ ምን እንደበላ ስጠይቅ ግን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። የእኛ የልጅ ልጆች እንዲህ መቅረት የለባቸውም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሆነውን በሰዎቹ ቋንቋ፣ በሰዎቹ አንደበት ይጻፍ፣ በድምፅም ይቀዳ። ቋሚ ተጠሪም ይመደብለት።

መርሐ ግብራችን ላይ ቀጥሎ የጸሐፊያችን ሪፖርት ይላል። በእናንተ ፈቃድ ወደ ከሰዓት ላዛውረው። ጠዋቱን ከጣና ዳር፣ ከቅኔ ቤቱና ከራንች ለመጡት እንግዶቻችን እንስጥ። በአዊኛ ለሚናገሩት መምህራችን ያስተረጉማሉ፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ ከመድረኩ በስተቀኝ ናት፤ ሁላችሁም እንድታይዋት መጋረጃው ይገለጥ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ማይክሮፎኑን ከማቀበላችን በፊት እናጸዳዋለን።

ጉባኤው ተከፍቷል።