ዛንዚባር ስትሄዱ የት ታርፋላችሁ? የትሪ ዳርቻና የድስት ዳርቻ

ጤና ይስጥልን፣ ክቡራንና ክቡራት ተመልካቾቻችን። የዛሬው ጉዳያችን ዛንዚባር ሄዶ የት ማረፍ ይሻላል የሚለው ነው። የትኛው ሆቴል የሚለው ጥያቄ ቆይቶ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ግን የደሴቷን የትኛውን ዳርቻ እንደምትመርጡ መወሰን አለባችሁ፤ ይህን ያልወሰነ ሰው የቱንም ያህል ውድ ክፍል ቢይዝ ውጤቱ የዕድል ጉዳይ ይሆንበታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር ስለሚበር፣ ለጫጉላም ሆነ ለበዓል ዕረፍት ወደዚያ የሚሄደው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ግን አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ስልኩን ከፍቶ፣ ውሃው እጅግ ሰማያዊ ሆኖ የሚታይበትን ፎቶ መርጦ፣ ገንዘቡን መክፈል ነው። ፎቶው ውሸት አይደለም። ችግሩ በስንት ሰዓት እንደተነሣ አለመጻፉ ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ የኡንጉጃ ደሴት ካርታ)

ካርታውን እንይ። በተለምዶ ዛንዚባር የምንላት ዋናዋ ደሴት ኡንጉጃ ትባላለች፤ ከሰሜን እስከ ደቡብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። ምዕራባዊው ዳርቻ ወደ ታንዛኒያ ዋና ምድር የሚያይ ሲሆን፣ አሮጌው ከተማ ስቶን ታውንና አውሮፕላን ማረፊያው የሚገኙት በዚህ በኩል ነው። በሰሜን ጫፍ ኑንግዊ አለች፤ ከእርሷ ወረድ ብሎ በምዕራብ በኩል ኬንድዋ። ምሥራቁ ለሕንድ ውቅያኖስ የተጋለጠ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ስንወርድ ማቴምዌን፣ ኪዌንግዋን፣ ሚቻምቪን፣ ብዌጁን፣ ፓጄንና ጃምቢያኒን እናገኛለን። በደቡብ ጫፍ ኪዚምካዚ አለች።

አሁን እስቲ ወደ ማጀት ግቡልኝ። አትቸኩሉ፤ የዛሬው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ምሳሌ ላይ ነው። አንድ ሰፊ የቡና ትሪ አምጡ፤ ጠርዙ ትንሽ ከፍ ያለውን ዓይነት። ከጎኑ አንድ ጥልቅ ድስት አስቀምጡ። ትሪውን ወደ አንድ ጎን በጥቂቱ አጋድሙትና ውሃ አፍስሱበት፤ ድስቱንም ሙሉት። በትሪው ላይ ሲኒዎቹን እንደ ነበሩ ተዉአቸው፤ ይፈለጋሉ። አሁን በሁለቱም ዕቃዎች ላይ ውሃውን በአንድ ጣት ልክ ብቻ ዝቅ አድርጉት። ድስቱ ላይ ምን ተለወጠ? ምንም። ውሃው በግድግዳው ላይ አንድ ጣት ወረደ፣ አለቀ። ትሪው ላይ ግን ውሃው ከከፍተኛው ጎን ጠቅልሎ ሸሸ፤ ሲኒዎቹ ደረቅ ላይ ቆመው ቀሩ፤ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ታያላችሁ። ከሁለቱም የቀነሰው አንድ ጣት ነው። ትሪ ጠፍጣፋ፣ ድስት ጥልቅ በመሆኑ ብቻ አንዱ ባዶ ሆነ፣ ሌላው ሞልቶ ቀረ።

የዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ትሪ ነው። ኑንግዊና ኬንድዋ ድስት ናቸው። ሲኒዎቹ በአሸዋው ላይ ተበትነው የሚገኙት የኮራል ድንጋዮች ናቸው፤ የትሪው ጠርዝ ደግሞ ሩቅ ላይ ማዕበሉ ነጭ ሆኖ ሲሰበር የምታዩበት የኮራል አጥር ነው። ያ አጥር በመኖሩ በውስጡ ያለው ውሃ የረጋና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ለዚህም ነው በፎቶ ሲታይ እንዲያ የሚያምረው። ፎቶውን የሚያሳምረውና ከሰዓታት በኋላ ውሃውን የሚያሳጣው አንድ ዓይነት ጠፍጣፋነት ነው። (ድስቱንና ትሪውን አጥባችሁ ወደ ቦታቸው መመለስ እንዳትረሱ፤ ከእናቶች ወቀሳ ይህ ቻናል ኃላፊነት አይወስድም።)

የሳይንሱን ነገር በትምህርት ቤት ስለተማራችሁት ፈጠን ብዬ ልለፈው። ባሕር የሚሞላውና የሚሸሸው በጨረቃና በፀሐይ ስበት ነው፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ ሽሽት 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጨረቃ አዲስ ስትወጣና ሙሉ ስትሆን የሁለቱ ስበት ስለሚገጣጠም ልዩነቱ ይሰፋል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ይጠባል። በዛንዚባር በሰፊው ጊዜ የውሃው ከፍታ ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል፤ በጠባቡ ጊዜ 1 ሜትር ገደማ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ዝቅ በሚል ዳርቻ ላይ ውሃው 3 ሜትር ሲወርድ ባሕሩ 900 ሜትር ይሸሻል፤ በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር ዝቅ በሚል ዳርቻ ግን የሚሸሸው 30 ሜትር ብቻ ነው። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ እንቀጥል።

ልቀጥል ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ከተመልካቾቻችን ደጋግሞ የሚደርሰን አስተያየት፣ "ፓጄ ላይ ባሕሩ ጠዋት ይሸሻል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሌላ ቦታ ጎብኝቶ ከሰዓት መዋኘት ነው" የሚል ነው። ይህን የሚጽፉልን ሰዎች አልዋሹም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ይሁንና ያዩት የሦስት የአራት ቀን ነገር ነው፤ ባሕሩ ደግሞ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ዛሬ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የሸሸ ባሕር ነገ 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይሸሻል፤ ሰው በአራት ቀን ቆይታው ይህን መንሸራተት ልብ ላይለው ይችላል። ሳምንት ቢቆይ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ረፋዱ ላይ ሙሉ፣ አመሻሹ ላይ ጎዶሎ ሆኖ ያገኘው ነበር።

ታዲያ ለምን ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ያያል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ብዙ ሰው የሚሄደው በበዓል ሰሞን ነው፤ ከበዓላቱ ደግሞ ዒድ አልፈጥር የሚውለው በእስልምና የጨረቃ አቆጣጠር በሸዋል ወር 1፣ ማለትም አዲስ ጨረቃ እንደታየች ነው። ስለዚህ በዒድ አልፈጥር ማግሥት ሻንጣውን ይዞ የሚነሣ ሰው ዓመቱ የፈለገው ቢሆን የሚደርሰው ሰፊው ሙላትና ሽሽት ላይ ነው፤ በዛንዚባር ደግሞ በእነዚህ ቀናት ባሕሩ እጅግ የሚሸሸው ረፋዱ ላይ ነው፤ የሚሞላው አመሻሹ ላይ። "ጠዋት ይሸሻል" የሚለው ወሬ የተወለደው ከዚህ ይመስለኛል። ዒድ አልአድሃ፣ በተለምዶ አረፋ የምንለው፣ በወሩ 10ኛ ቀን ስለሚውል ጨረቃዋ ከግማሽ እምብዛም አትርቅም፤ በዚያ ሰሞን የትሪው ዳርቻ እንኳ የዋህ ይሆናል። እንግዲህ ለዒድ አልፈጥር የምትሄዱ ሰዎች ወደ ሰሜን፣ ለአረፋ የምትሄዱ ግን ምሥራቁን ብትመርጡም ችግር የለም።

ፋሲካስ? የፋሲካ ችግር ከሰማይ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ደሴቷ ማሲካ በሚባለው ረጅም ዝናብ ውስጥ ናት፤ አንዳንድ ሆቴሎችም በዚያ ወራት ይዘጋሉ። ሁለት ወር ጾሞ በዝናብ መስኮት ሥር መቀመጥን እኔ አልመክርም። ገና ግን ጥሩ ነው፤ ሞቃትና ደረቅ ወቅት ነው፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ ይሰቀላል።

የምትሄዱበትን ቀን ሙላትና ሽሽት ለማወቅ ስልካችሁ ላይ የዛንዚባርን ታይድ ቴብል መፈለግ ይበቃል። ሰሌዳው በፈረንጅ ሰዓት ስለሚጻፍ 6 ሰዓት መቀነስ አትርሱ። በነገራችን ላይ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ 1 ሰዓት ይሉና ይቀጥላሉ። ጀልባ የሚነዳው ሰው 4 ሰዓት ብሎ ሲቀጥራችሁ ጀርመናዊው ጎብኝ ግራ ይጋባል፤ እናንተ ግን ረፋዱ ላይ በቦታው ትገኛላችሁ። ቀጠሮ በማክበር የምንበልጥበት ቦታ ስለተገኘ ይህን ቪዲዮ ለወዳጆቻችሁ አጋሩልን።

(በስክሪኑ ላይ፦ ኑንግዊና ኬንድዋ)

ወደ ቦታዎቹ እንግባ። ኬንድዋ ባሕሩ እምብዛም የማይሸሽባት ዳርቻ ናት፤ ፊቷ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ በባሕሩ ላይ ስትጠልቅ ትታያለች፤ ምሥራቁ ግን የሚያሳየው መውጫዋን ነው። ኑንግዊ ከእርሷ ሰፋ ያለች መንደር ናት፤ በአሸዋው ላይ የእንጨት የሸራ ጀልባ በእጅ የሚሠሩ አናጢዎች አሁንም አሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው፣ የኑንግዊ ምሥራቃዊ ጎን ከምዕራቡ የተለየ መሆኑ ነው፤ "ኑንግዊ ነው" ብላችሁ የያዛችሁት ሆቴል በተሳሳተው ጎን ከሆነ ያገኛችሁት ትሪ ነው። የሰሜኑ ጉዳቱ ጫጫታው ነው፤ ሻጩ፣ አስጎብኚው፣ ጀልባ አከራዩ ፎጣችሁን ሳታነጥፉ ይደርሳሉ፤ በኬንድዋ የሙሉ ጨረቃ ድግስ ያለበት ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ አይታሰብም። ልጆች ይዞ ለሚሄድና መዋኘትን ለሚያስቀድም ሰው ግን የእኔ ምርጫ ሰሜን ነው፤ ለጫጉላም ቢሆን ከድግሱ ራቅ ካሉ እንዲሁ።

ምሥራቁን ያጥላላሁ እንዳይመስላችሁ። ፓጄ የካይት ሰርፊንግ፣ ማለትም ነፋስ በያዘው ሸራ እየተጎተቱ በሰሌዳ በውሃ ላይ የመንሸራተት፣ አገር ናት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ኩሲ የሚባለው ነፋስ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ካስካዚ ይነፍሳል፤ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ለጀማሪ የተመቸ ነው። ነፋስ የማይወድ ሰው ግን ይኸንኑ ነፋስ ለሰባት ሌሊት ከፍሎ እንደሚገዛው ይወቅ። ጃምቢያኒ ከፓጄ ጸጥ ትላለች። ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶች ወደ ባዶው አሸዋ ይወርዳሉ፤ በአሸዋው ላይ የተተከሉ የእንጨት ችካሎች፣ በችካሎቹ መካከል የተወጠረ ገመድ፣ በገመዱ ላይ በየተወሰነ ርቀት የታሰረ የባሕር አረም ታያላችሁ፤ አረሙ ሲያድግ ተሰብስቦ ይደርቃል፤ ወደ ውጭ ተልኮም ምግብና የጥርስ ሳሙና የሚያወፍር ንጥረ ነገር ይወጣዋል። ለእኛ ባሕሩ የጠፋበት ሰዓት ለእነርሱ የሥራ ሰዓት ነው። በገመዱ ላይ አትራመዱ። በእግራችሁ ወደ አጥሩ ስትሄዱ ደግሞ የባሕር ጫማ አድርጉ፤ የባሕር ጃርት እሾሁ በቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ማቴምዌ ለምኔምባ የኮራል ደሴት ስለምትቀርብ ጭንብል አድርጎ ዓሣ ማየት ለሚወድ ሰው ትመቻለች። በሚቻምቪ ልሳነ ምድር ላይ ወደ ቹዋካ ባሕረ ሰላጤ የዞረ ጎን አለ፤ በምሥራቅ ዳርቻ ሆኖ የፀሐይ መጥለቅ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው እዚያ ነው። ኪዚምካዚ ዶልፊን ለማየት ለግማሽ ቀን ይበቃል፤ ለማደሪያ አልመርጣትም። ከከተማ ወደ ፓጄ ስትሄዱ በመንገዳችሁ ጆዛኒ ደን አለ፤ በዚያ የሚገኘው ቀይ ኮሎበስ የእኛው ጉሬዛ ዘመድ ነው፤ ለሰላምታ ያህል ቁሙለት።

ስቶን ታውን የመዋኛ ቦታ አይደለም፤ ወደብ ነው። ማረፍ ግን ይገባል። በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ነው፤ የናስ ጉብጉብ የተመታባቸው የተቀረጹ በሮቹን ለማየት መኪና በማይገባበት መንገድ መዞር ያስፈልጋል፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ የሄደ ሰው ስለ ጠባብ መንገድ ማብራሪያ አይሻም። ማታ በፎሮዳኒ አትክልት ቦታ ምግቡ በየጠረጴዛው ይጠበሳል፤ ከማዘዛችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በከተማው ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መልበስ ተገቢ ነው፤ በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት ዝግ ነው።

"ደሴቷ ትንሽ ናት፤ የትም አርፌ እዞራለሁ" የሚልም አለ። ከከተማ እስከ ኑንግዊ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ከኑንግዊ ወደ ፓጄ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ያንን በየቀኑ በታክሲ መመላለስ ሌላ ሆቴል መከራየት ማለት ነው። ሰባት ሌሊት ላለው ሰው አምስቱን በአንድ ዳርቻ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት በስቶን ታውን ማድረግ ይሻላል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ለከተማው ቅርብ ስለሆነ የመመለሻው ቀን አያስጨንቅም።

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ለሆቴሉ አንድ መልእክት ላኩ፤ ቀኖቹን ጥቀሱና ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት ከሆቴሉ ፊት ለፊት መዋኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ሐቀኛው "አይቻልም፤ ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ጠብቁ" ይላችኋል፤ ይህ ጥሩ ሆቴል ነው። ሌላው ስለ መዋኛ ገንዳው ስፋት በዝርዝር ይጽፍላችኋል፤ እርሱም ሳያስበው መልሱን ሰጥቷችኋል። ገንዳው ጥሩ ከሆነና ዋጋው ከተስማማችሁ ያዙት፤ በሻንጣችሁ ግን የባሕር ጫማ ጨምሩ።