ከውዴታ ግዴታ ወደ ደቦ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ! ወንበሮቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ መሆናቸውን አይቻለሁ። ግድ የለም፤ የመጣችሁት ወዳችሁ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ ተማሪ የሚያስጠና በጎ ፈቃደኛ ጠይቄ ነበር። ከ100 በላይ ሰው ነበርን። 4 እጅ ወጣ። በእውነት ተናድጄ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መፍረድ አቃተኝ።

አብዛኞቻችን የተማርነው ሶቪየት ኅብረትና ምሥራቅ አውሮፓ ነው። ሱቦትኒክን የረሳ አለ? የሞስኮ ባቡር ሠራተኞች በ1919 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የቅዳሜ ነፃ ሥራ ነው። በኋላ በሌኒን ልደት ሰሞን አገር ምድሩ መጥረጊያ ይዞ የሚወጣበት ሆነ። እኛም ወጥተናል። ሩሲያውያኑ በሹክሹክታ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ቁርጥ የኛው «የውዴታ ግዴታ» ነው። አገር ቤት ስንመለስ ደግሞ ቀበሌ ጠበቀን። እሁድ ጠዋት ስም ይጠራል፣ የቀረ ይመዘገባል።

ሁሉም ከንቱ ነበር አልልም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እናቴ ስሟን መጻፍ ቻለች። እሱን ለማንም አላስነካም! ችግሩ፣ «አልመጣም» ማለት አይቻልም ነበር። እንዲህ ያደገ ሰው «በጎ ፈቃድ» ሲባል ቀድሞ የሚታየው መዝገቡ ነው።

በሶቪየት ሥር የኖሩት ኢስቶኒያዎችም እንደኛው ናቸው። ግን አንድ የድሮ ቃል ነበራቸው፤ «ታልጉድ»። ከሶቪየት በፊት ገበሬው ሥራ ሲበዛበት ጎረቤት ይጠራል፣ አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል። ደቦ በሉት! በግንቦት 2008 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንፈስ ሰው ጠሩ። ጫካው በቆሻሻ ተሞልቶ ነበር። ወጣቶቹ አስቀድመው ቆሻሻ የተጣለበትን ቦታ ሁሉ ፎቶ እያነሱ ካርታ ላይ አስቀመጡ። የሚመጣው ሰው የት እንደሚሄድና ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። 1.3 ሚሊዮን ሕዝብ ካላት አገር ከ50,000 በላይ ሰው ወጣ። በአንድ ቀን 10,000 ቶን ገደማ ቆሻሻ ተነሳ። ስም የጠራ የለም። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚካሄደው የዓለም የጽዳት ቀን መነሻው ይሄው ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ እጅ አውጡ አልልም። አጠገባችሁ ያለው ሰው አውጥቶ እናንተ ሳታወጡ ስትቀሩ ይጨንቃላ! ከቡናው አጠገብ ሰሌዳ አቁመናል። ሥራው ከነሰዓቱ ተጽፏል። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፣ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ፣ 6 ልጆች» ይላል ለምሳሌ። አንድ ቅዳሜ ብቻ የሚመቸው አንዱን ይውሰድ። ያልጻፈ ለምን አልጻፍክም አይባልም። ጸሐፊያችንንም የመገኘት ፊርማውን እንዲተው ለምኜዋለሁ፤ ትንሽ አኩርፏል።

ጉባኤው ተከፍቷል። ሰሌዳው ላይ ያለው እስክሪብቶ የግሌ ነው፣ አደራ እንዳይጠፋብኝ።