ከአሞሌው በስተጀርባ ያለው ባህር

የተከበራችሁ የጂኦግራፊ መምህራን፣ እንደምን አመሻችሁ!

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አስቀምጫለሁ። አንዱ አሞሌ ጨው ነው። ሌላው በአፋር ካለው ዝቅተኛ በረሃ፣ ከዳናክል ዳርቻ የመጣ የኮራል ድንጋይ። ኮራል ባህር ውስጥ እንጂ የብስ ላይ አያድግም። ይሄ የተገኘው ግን ግመል በሚነዳበት ደረቅ በረሃ ነው።

ተማሪዎቻችንን «ባህር ምንድን ነው?» ብንላቸው «ውሃ የሞላበት ጉድጓድ» ይሉናል። ልክ ናቸው። ጉድጓዱን ማን ቆፈረው የሚለውን ግን ዘለን እናልፈዋለን። ዛሬ ስለ ቀይ ባህር ላወራ የመጣሁት ለዚህ ነው።

የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቀይ ባህር የሚባል ነገር አልነበረም። አረቢያና አፍሪካ አንድ መሬት ነበሩ። ከጥልቅ የመጣ ሙቀት ከታች ገፋው፤ ቅልጥ ዐለት እየፈሰሰ ተነባበረ። የደጋችን ባዝልት፣ ማለትም ቅልጥ ዐለቱ ሲቀዘቅዝ የሆነው ጥቁር ድንጋይ፣ የዚያ ዘመን ነው፤ ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው ንብርብሩን ያውቀዋል።

ከዚያ መሬቱ ይለጠጥ ጀመር። ሊጥ በሁለት እጅ ስትስቡት መሃሉ እንደሚሳሳው ማለት ነው። የሳሳው ሰመጠ፤ ውሃም ገባበት። መጀመሪያ የገባው ከሰሜን፣ ከሜዲትራኒያን በኩል ነው። ባህሩ እየተነነ ወፍራም ጨው ጥሎ ያለፈበት ጊዜም አለ። በመጨረሻ፣ የዛሬ 5 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ፣ ደቡቡ ላይ መሬቱ ጨርሶ ተቀደደ። በቅዳዱ ቅልጥ ዐለት ወጣና አዲስ የባህር ወለል ሆነ። ባዝልት ከአህጉር ዐለት ይከብዳል፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የባህሩ መሃል ከ2,000 ሜትር በላይ የጠለቀው አንድም በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ አልቆ የተዘጋ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. የየመን ዓሣ አጥማጆች በዙቤር ደሴቶች አጠገብ ከባህሩ ውስጥ እሳት ሲወጣ አዩ። ትንሽ ቆይቶ ባህር ብቻ በነበረበት ደሴት ተገኘ። በመስከረም 2006 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ተጨመረ፤ ስሙን ጀዲድ አሉት፣ አዲሱ ማለት ነው። ደሴቶቹ ከታች ያለው ስንጥቅ ጫፎች ናቸው።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ እኔን በጣም የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ካርታ ያየ ሰው ስንጥቁ ቀጥ ብሎ በባህሩ ደቡባዊ በር፣ በባብኤል መንደብ የሚወጣ ይመስለዋል። አይወጣም። ወደ ደቡብ ሲወርድ ባህሩ ውስጥ እየደከመ ይሄድና መለያየቱ ወደ የብስ ይዞራል፤ ወደ ዳናክል፣ ወደ አፋር። እሳተ ገሞራው ኤርታ አሌ የተቀመጠው በዚህ መስመር ላይ ነው። በባህሩና በዚህ መስመር መሃል ያለው የዳናክል ተራራማ መሬት ቀስ ብሎ እንደሚከፈት በር እየዞረ ከእኛ ይርቃል።

የመለያየቱ ፍጥነት በዓመት 1.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ምድር በየዓመቱ አትከፍልም፤ ታጠራቅማለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት ከውስጥ ተሰነጠቀ። ቅልጥ ዐለት ገባበትና አንዳንዱን ቦታ እስከ 8 ሜትር አራራቀው፤ ያውም በሳምንታት ውስጥ! የብዙ መቶ ዓመት ዕዳ በአንዴ ተከፈለ። የአካባቢው አርብቶ አደሮች መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ አመድ ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል።

ወደ ኮራሉ ልመለስ። የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ ባህሩ በሰሜን በኩል፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አቅጣጫ፣ ዳናክል ገብቶ ነበር። ኮራሉ በዳርቻው አደገ። ኋላ መሬቱ ከፍ አለና የእሳተ ገሞራ ዐለትም ታክሎበት መግቢያው ተዘጋ። ውሃው ተነነ፤ ጨው ቀረ። ያ ሜዳ ዛሬ ከባህር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የአፋር ሠራተኞች በመጥረቢያ የሚጠርቡት፣ አባቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ድንጋዩን ከፊት ወንበር ጀምራችሁ ተቀባበሉት። ቀዳዳዎቹን በጣታችሁ ዳስሱ፤ በእያንዳንዷ ውስጥ አንድ ትንሽ የባህር እንስሳ ይኖር ነበር።

አመሰግናለሁ።