ቴሌስኮፑን ከስቶር አውጡልን

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን ባልደረቦቼ፣ ወላጆች፣ የሳይንስ ክበብ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

አስራ አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ። ጡረተኛ መምህር ማይክ ሲይዝ አስራ አምስት ደቂቃ ስንት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ግማሾቻችሁን አስተምሬአለሁ። መድረክ መሪውም ተማሪዬ ነው። ብጣሽ ወረቀት ልኮ ሊያስቆመኝ አይደፍርም።

«ስለ ጠፈር ቴሌስኮፖችና ስለ መንኮራኩሮች ይንገሩን» ነው የተባልኩት። እሺ። ግን ከቤታችን ልነሳ።

ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፣ ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ያ ብርሃን በፈረንጆቹ 1456 የታየው ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ቀሳውስቱ ተአምር ነው ይላሉ። እኔ ከማንም ጋር አልከራከርም። በዚያን ጊዜ ሰው ቀና ብሎ ማየቱን ግን ሁሉም ይስማማበታል።

ሃሌይ በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ነው የሚመለሰው። በኛ አቆጣጠር በ1978 መጣ። እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የፊዚክስ መምህራችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰባት ልጆች መርጠው «ሌሊት አስር ሰዓት በር ላይ እንድትጠብቁኝ» አሉን። የደብረ ብርሃንን የሌሊት አስር ሰዓት ብርድ ለእናንተ አልነግርም። ሁለት ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል።

ከከተማው ሳንወጣ የቀበሌ ጥበቃ አስቆመን። ጠመንጃ ይዟል።

«ወዴት ነው?»

«ኮከብ ልናይ ነው» አሉ መምህሩ።

«ምን ዓይነት ኮከብ?»

«ጅራት ያለው።»

ሰውዬው የተሾፈበት መሰለው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አይደለም። መምህሩ መታወቂያቸውን አወጡ፣ የፊዚክስ ደብተራቸውን አወጡ፣ የፀሐይን ዙሪያ በጭራሮ መሬት ላይ ሣሉለት። መጨረሻ ላይ «እንግዲያው እኔም ልይ» ብሎ ጠመንጃውን አንግቶ ተከተለን። ዳገቱን ወጣን። በምሥራቅና በደቡብ መሃል፣ ዝቅ ብላ፣ የተባዘተ ጥጥ የመሰለች ነገር አለች። ጅራቷን ለማየት ዓይንህን ማጥበብ ያስፈልጋል። ጥበቃው አየ፣ አየ፣ ከዚያ ዞረብን። «ለዚች ነው እንቅልፍ ያሳጣችሁኝ?»

ግን ከሁላችንም በኋላ ነው የወረደው። አልረሳውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያነበብኩት ነገር አለ። በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት 5 ለሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የአቦ ዕለት፣ ጂዮቶ የሚባል የአውሮፓ መንኮራኩር በዚያች ባዘቶ ውስጥ አለፈ። ከልቧ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ። ፍጥነታቸው በሴኮንድ 68 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚህ አዲስ አበባ በሁለት ሴኮንድ ማለት ነው። የአቧራ ቅንጣት መታውና ድምፁ ለጊዜው ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት ግን ፎቶ ልኮ ነበር። ያ ከሩቅ ነጭ ጥጥ የመሰለን ነገር ልቡ 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ከከሰል የጠቆረ ጓል ሆኖ ተገኘ። እኛ እታች በጋቢ፣ እሱ እዚያ በካሜራ፣ አንድ ነገር እያየን ነበር።

ፊዚክስ መምህር የሆንኩት በዚያች ሌሊት ነው።

አሁን ወደ ዘመናችሁ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት አንድ ክፍል ገብቼ «ድንቅነሽ የት ናት?» አልኳቸው። «ሙዚየም!» አሉ። አንዲት ልጅ ከኋላ «ማርስና ጁፒተር መሃል» አለች። ሳቁባት። ልክ ናት። እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት በወንድሟ ስልክ አይታ ነው።

ናሳ ያመጠቃት ሉሲ የምትባል መንኮራኩር አለች። ስሟ ሐዳር ላይ ከተገኘችው ከኛዋ ሉሲ ነው። ጥቅምት 21 ቀን 2016፣ የማርያም ዕለት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ድንቅነሽ በተባለች አስትሮይድ፣ ፀሐይን በምትዞር ድንጋይ ማለት ነው፣ አጠገብ አለፈች። ድንቅነሽ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ፎቶው ሲመጣ ብቻዋን አይደለችም፤ የምትዞራት ትንሽ ጨረቃ አለቻት። ጨረቃዋም ቀረብ ተብላ ስትታይ ተጣብቀው የሚሄዱ ሁለት ድንጋዮች ናት። ሰላም አሏት፤ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ ባገኛት ሕፃን ስም። በ2017 የፋሲካ ማታ ደግሞ፣ እኛ ዶሮ ወጣችንን ስናጣጥም፣ ሉሲ ሌላ አስትሮይድ ጋ ደረሰች። የሱ ስም ዶናልድ ዮሐንሰን ነው፤ ሐዳር ላይ ሉሲን ያገኘው ሰው።

ስማችን እዚያ ደርሷል። ዓይናችን የት ነው ያለው? ስቶር!

የመጣሁበት ጉዳይ ይኼ ነው።

እኔ ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ቴሌስኮፕ በስጦታ መጣ። የሾርባ ሳህን የሚያህል መስታወት ያለው፣ ጥሩ ዕቃ። በሞዴል 19 ገቢ ሆነ። ካርቶኑ ላይ በማርከር «ቋሚ ዕቃ» ተጻፈበት። ከዚያ ተቆለፈበት። በየዓመቱ ሰኔ 30 ቆጣሪዎች ይመጣሉ። «ቴሌስኮፕ፣ አንድ፣ አለ።» ምልክት ይደረጋል፣ በሩ ይዘጋል። ስድስት ዓመት ተቆጠረ። አንድም ልጅ ዓይኑን አላስጠጋበትም።

በስንት ልመና አንድ ቀን አስከፈትኩት። አይጥ ካርቶኑን ጎጆ አድርጎታል። ባለ ሦስት እግር መቆሚያው የለም። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ስብሰባ አዳራሽ ነው፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ባነር ተሸክሞ።

የስቶር ሠራተኛውን አልወቅስም። ቢሰበር ከደሞዙ እንደሚቆረጥ ያውቃል። ሳይነካ ቢበሰብስ ግን ማንም አይጠይቀውም። እንዲህ ብለን ያሠራነው እኛ ነን። የበሰበሰ «አለ» ይባላል፣ ልጅ የነካው «ጎደለ» ይባላል። ምን ዓይነት ቆጠራ ነው ይኼ?

የናሳ ሰዎች ዕቃ ሲበላሽባቸው ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። ሀብል የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በፈረንጆቹ 1990 ሲመጥቅ መስታወቱ ተዛብቶ የተሞረደ ነበር። ስህተቱ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው፤ ግን ፎቶው ሁሉ ደበዘዘ። የዓለም መሳቂያ ሆኑ። ቆልፈው «ሀብል፣ አንድ፣ አለ» አሉ? በፈረንጆቹ 1993 ጠፈርተኞች ልከው እዚያው ጠፈር ላይ አስተካከሉት፤ እስካሁን ይሠራል። ቮየጀር 1 የሚባለው መንኮራኩር የተላከው በኛ ነሐሴ 30 ቀን 1969 ነው። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። በ2016 አንድ ቺፑ ሞቶ ትርጉም የሌለው ነገር ይለፈልፍ ጀመር። ትእዛዝ ሲልኩለት ለመድረስ ብቻ 22 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ መልሱም እንደዚያው። ወራት ፈጅተው ፕሮግራሙን ከሞተው ቺፕ ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩና አዳኑት። ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ዕቃ ይጠገናል፤ የኛ ግቢ ውስጥ ያለው አይከፈትም!

ሰዓቴ እያለቀ ነው መሰለኝ። መድረክ መሪው እግሩን ያነቃንቃል።

ስለ ጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ባጭሩ። ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 መጠቀ። ያለው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። 18 ወርቅ የተቀቡ መስታወቶች አሉት፣ ሲገጣጠሙ 6.5 ሜትር። የሚያየው የሙቀት ጨረር ስለሆነ ራሱ መቀዝቀዝ አለበት። ማታ ቤት ውስጥ መብራት አብርታችሁ በመስኮት ውጭውን ለማየት ብትሞክሩ የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩት። ለዚያ ነው ባለ አምስት ድርብ ጥላ የዘረጉለት። ደብረ ብርሃን ቢያስቀምጡት ጥላው ባላስፈለገ ነበር፣ ትሉ ይሆናል። አይበቃም፤ ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈልገው።

ፎቶዎቹና መረጃዎቹ ውሎ አድሮ ለሁሉም በነፃ ይለቀቃሉ። ስልክ ያለው ልጅ ያገኛቸዋል። ይኼን ክበቡ ይያዘው። እንጦጦ ላይም ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ ጉዞ አዘጋጁ። ደግሞ መብራት ሲጠፋ አትማረሩ፣ ውጡና እዩ።

ሃሌይ የሚመለሰው በ2053 ነው። እኔ አልደርስም። እናንተ ትደርሳላችሁ።

አሁን አንድ ነገር። ያ ስቶር ዛሬም ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ የኋላ በር አጠገብ። አይቼሃለሁ ልጄ፣ አትደንግጥ። አንተም ተማሪዬ ነበርክ። የዕቃ ማውጫ ቅጹን፣ ሞዴል 22ቱን፣ ሞልቼ ይዤ መጥቻለሁ። «ተረካቢ» የሚለው ላይ ፈርሜአለሁ። ጡረተኛ ንብረት ወጪ ማድረግ አይችልም ከተባለ ሥራ ላይ ያለ አንድ መምህር አብሮኝ ይፈርም። ቢሰበር ከጡረታዬ ይቆረጥ። መስታወቱን እኔ አጸዳዋለሁ፣ ባነሩን ደግሞ ግድግዳ ላይ በሚስማር ስቀሉት።

ዛሬ ማታ ጨረቃ አለች። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ኳስ ሜዳው ላይ። ጋቢ እንዳትረሱ።