"ተቃጥላለች" ያልኳት ቦርድ፦ የኦዲዮ ቦርድ ዩኤስቢ ፈርምዌር እንደገና መጫን

[ባለፈው ሳምንት በስልክ የተቀረጸ፦ ቦርዷ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀይ ላይቷ በርቷል]

ላፕቶፕን ከድምጽ ቺፕ ጋር የምታገናኘውን ይቺን ቦርድ እዩዋት። ላይቷ በርቷል፣ የተቃጠለ ሽታ የለም፣ በጣት ስትነኳትም አልጋለችም፣ ላፕቶፕ ላይ ስሰካት ግን ጭጭ። ዊንዶውስ ያቺን የሚያሰማትን ድምጽ እንኳን አላሰማም። እኔም በቃ ሄደች ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት፣ አልሞተችም እኮ፣ ዛሬ እንዴት እንደመለስኳት ነው የማሳያችሁ።

እዚህ ሀዋሳ ሰርግ ላይ ሳውንድ የሚያከራይ ጓደኛ አለኝ፣ ስፒከሮቹ ላይ ቤዙ ወደ ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምጽ ወደሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ እየገባ ሁለት ትዊተር በላበት፣ እና እኔ ነገር ፈላጊው ቤዙን ከቀጭኑ ድምጽ በዲጂታል የሚለይ፣ ክሮስኦቨር የሚባለውን፣ ልስራልህ አልኩት። ድምጹን የሚለየው ቺፕ የአናሎግ ዲቫይስስ ኤዲኤዩ1701 ነው፣ 2 የድምጽ መግቢያ 4 መውጫ አለው፣ ፕሮግራሙን ሲግማስቱዲዮ በሚባል ሶፍትዌር ሳጥን ከሳጥን በመስመር እያገናኛችሁ ትሰሩታላችሁ፣ ኮድ ምናምን የለውም። ችግሩ ይሄ ቺፕ ዩኤስቢ አያውቅም፣ የሚያወራው አይቱሲ በሚባል የሁለት ሽቦ ቋንቋ ነው፣ ስለዚህ መሀል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አስተርጓሚዋ እንግዲህ ይቺ ናት፣ ላይዋ ያለው ቺፕ ኤፍኤክስ2ኤልፒ ይባላል፣ የሳይፕረስ ነው፣ ሳይፕረስን በ2020 ኢንፊኒየን ስለገዛው ሶፍትዌሩን ስትፈልጉ በኢንፊኒየን ስም ብታገኙት አትደንግጡ።

እና ምን አደረግኳት? አዲስ ፈርምዌር፣ ማለትም ቺፑ የሚሰራበትን ፕሮግራም፣ እየጫንኩ መብራት ጠፋ። ላፕቶፕ ነው እኮ ትሉኛላችሁ፣ አዎ ላፕቶፕ ነው፣ ባትሪው ከሞተ ግን ዓመት ሆኖታል፣ ቻርጀሩ ከተነቀለ አብሮ ነው የሚጠፋው።

[ካሜራ ወደ ቺፑ ይጠጋል]

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ፣ ይሄ ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው። ይሄ ትልቁ ቺፕ ውስጡ ምንም አያስቀምጥም፣ መብራት ከተነቀለ ሁሉንም ይረሳል። እንደገና ስትሰኩት ስሙንም ስራውንም አያውቅም፣ ጎኑ ያለችውን ይቺን 8 እግር ያላትን ትንሽ ሚሞሪ፣ ኢኢፕሮሟን፣ "እኔ ማነኝ?" ብሎ ይጠይቃል። ከኢኢፕሮሟ የሚያነባት የመጀመሪያ ባይት ሁሉን ትወስናለች። ሲ0 ከሆነች ኢኢፕሮሟ የምትነግረው መታወቂያ ቁጥሩን ብቻ ነው፣ ሲ2 ከሆነች ሙሉ ፕሮግራም ተከትሎ ይመጣል ማለት ነው፣ ሌላ ነገር ከሆነ ወይ ጭራሽ ኢኢፕሮም ካላገኘ ከፋብሪካ በወጣበት ቁጥር 04ቢ4፣ 8613 ብሎ ይነሳል።

አሁን የኔን ጉድ አስቡት። መጻፍ የሚጀምረው ከላይ ነው፣ ስለዚህ ሲ2 ተጽፋለች፣ ከሷ በኋላ ያለው ግን ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ። ቺፑ ሲ2ን ሲያይ አምኖ ማንበብ ይቀጥላል፣ መጨረሻው ላይ ያለችው "በል ጀምር" የምትለው ትዕዛዝ ጋ ሳይደርስ እዛው ግራ ተጋብቶ ይቀራል። ቺፑ አልተቃጠለም፣ የተሰጠው ወረቀት ነው የተበላሸው። እና መፍትሄው ምንድነው፣ ሲነሳ ያቺን ወረቀት እንዳያያት ማድረግ ነው፣ በቃ።

ከዛ በፊት ግን ገመዳችሁን ለውጡ። ከምሬ ነው። እኔ መናኸሪያ አካባቢ ከመንገድ ላይ በገዛሁት ገመድ አንድ ሰዓት ሙሉ ታግያለሁ፣ በመጨረሻ ቆርጬ ሳየው ቀይና ጥቁር ብቻ ነው፣ ዳታ የሚያሳልፉት አረንጓዴና ነጩ የሉም፣ ቻርጅ ብቻ። ደግሞ የድምጹን ቦርድ ከዚችኛዋ ንቀሉት፣ እሱም የራሱ ኢኢፕሮም አለው፣ ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ስለሆኑ መምታታት አንፈልግም።

[እጅ፣ ወረንጦ፣ ኢኢፕሮሟ በቅርብ]

አንዳንዱ ቦርድ ላይ ኢኢፕሮሟን የሚያለያይ ጃምፐር፣ ሁለት እግር የሚያገናኝ ትንሽ ቆብ፣ አለ፣ እሱን መንቀል ነው። የኔ የለውም፣ ስለዚህ ወረንጦ። ኢኢፕሮሟ ላይ ያለችውን ነጥብ ፈልጉ፣ ከነጥቡ ጎን ያለው እግር 1 ነው፣ በዛው በኩል ወደ ታች 2፣ 3፣ 4፣ ከዛ ተሻግሮ ፊት ለፊቱ 5። 4 ግራውንድ (ኔጌቲቩ) ነው፣ 5 ዳታው ነው። ፊት ለፊት ስለሆኑ በወረንጦ ከግራና ቀኝ ቆንጠጥ ማድረግ ይቻላል፣ እንደዚህ። ከነጥቡ ተቃራኒ ባለው ጫፍ ነው ይሄ ሁሉ፣ 8ን እንዳትነኩ፣ እሱ 3.3 ቮልቱ ነው፣ ከግራውንድ ጋር ካገናኛችሁት ሾርት ነው።

ቆንጥጣችሁ እንደያዛችሁ ዩኤስቢውን ሰኩ። የመጀመሪያው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለተኛው ላይ... ሰማችሁ? ድምጹ መጣ። ዲቫይስ ማናጀር፣ ዊንዶውስ የተሰኩትን ነገሮች የሚዘረዝርበት ቦታ፣ ውስጥ 04ቢ4 እና 8613 ካያችሁ ቦርዷ ነቅታለች።

አሁን ወረንጦውን ልቀቁ፣ ጃምፐር ያላችሁ መልሱት፣ ዩኤስቢውን ግን እንዳትነቅሉ! እኔ በደስታ ነቅዬው እንደገና ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ወረንጦውን ሳትለቁ ብትጽፉ ደግሞ ኢኢፕሮሟ አትሰማችሁም።

[የስክሪን ቀረጻ]

ሶፍትዌሩ ዩኤስቢ ኮንትሮል ሴንተር ነው፣ ሊኑክስ ላይ ያላችሁ ኤፍኤክስሎድ አለላችሁ። ሜኑው ላይ ሶስት ምርጫ አለ፣ ራም፣ ትንሹ ኢኢፕሮም፣ 64ኬው ኢኢፕሮም። መጀመሪያ ራም ላይ፣ ማለትም ትልቁ ቺፕ ውስጥ ባለው ጊዜያዊ ሚሞሪ ላይ፣ ሞክሩት፣ ፋይሉ ራሱ የተበላሸ ከሆነ ኢኢፕሮሟን ሳትነኩ ታውቃላችሁ፣ ስትነቅሉት ይጠፋል፣ ኪሳራ የለውም። ራም ላይ ከሰራ የወረንጦዋን ነገር ደግማችሁ 64ኬውን ምረጡ፣ የኔዋ ኢኢፕሮም 24ሲ128 የምትባለው ትልቋ ናት፣ ትንሹ የሚባለው ለ256 ባይት ሚሞሪዎች ነው። ፋይሉ መጨረሻው አይአይሲ የሚል ይሁን፣ የመጀመሪያ ባይቱም ሲ2። አልጽፍም ካለ 7ኛውን እግር በቴስተር ለኩት፣ እሱ የመጻፊያ ቁልፍ ነው፣ 3.3 ቮልት ካለው ተቆልፏል፣ ግራውንድ ላይ መሆን አለበት።

ጻፈ። አሁን መንቀል ይቻላል። ስሰካው... ቁጥሩን አያችሁት? 0456፣ 7031፣ ሲግማስቱዲዮ የሚፈልገው ይሄን ነው። ሲግማስቱዲዮን ከፍቼ የዩኤስቢው ሳጥን ላይ ይሄው አረንጓዴ ሆነ።

ጓደኛዬ ቅዳሜ ሰርግ አለው፣ ክሮስኦቨሩን እስከዛ እጨርሳለሁ። በነገራችን ላይ ይሄን ሁሉ የሰራሁት በጎረቤቴ ላፕቶፕ ነው፣ የሱ ባትሪ ሁለት ሰዓት ይይዛል፣ አሁን ልመልስለት ነው በር እያንኳኳ ነው።