«ናዝሬት ውሰደኝ»

እሺ... ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። አዳማ ነው ያለሁት፤ ፉጨት ከሰማችሁ ነፋሱ ነው፣ መስኮቱ አልዘጋ ብሎኛል።

አያቴ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ባጃጅ አስቆመችና «ናዝሬት ውሰደኝ» አለችው። ልጁ ሳቀ። «እማማ፣ ናዝሬት እኮ ነው ያሉት!» እሷ ቀልድ አልያዘችም። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለው «ጃጅታ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አልዛይመር የሚለውን የመርሳት በሽታ ከሐኪም የሰማነው ዘግይተን ነው።

ካረፈች በኋላ ስለ በሽታው ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። የማነበው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አይጥ ጋ ይወስደኛል። አይጥ በተፈጥሮዋ አልዛይመር አይዛትም። ዕድሜዋ ራሱ ሁለት ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው፤ ብታረጅም አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን እንደ ሰው አንጎሏ ላይ አይጋገርም። ስለዚህ በሽታው በዘር ከሚወርድባቸው ቤተሰቦች የተገኘውን የተበላሸ ዘረ መል ገና ስትፀነስ ጀምሮ ያስገቡባታል። ፋይቭ ኤክስ ፋድ የምትባለዋ የአይጥ ዝርያ አምስት የዘረ መል ለውጥ ተጭኖባታል፤ በሁለት ወሯ የአሚሎይዱ ጉድፍ መታየት ይጀምራል። ሁለት ወር! አያቴ ሰባ ምናምን ዓመት ፈጅቶባታል። በዚያ ላይ በዚህ መንገድ በዘር የሚመጣው ከመቶ ታማሚ አንድ እንኳ አይሞላም።

እና አይጧ ትድናለች። በፈረንጆቹ 1999 አንድ ክትባት የአይጦችን አንጎል ከጉድፉ ጠበቀ ተባለ። ሰው ላይ ሲሞከር ግን ከ298 ተከታቢዎች 18ቱ አንጎላቸው ተቆጣ፤ 2002 ላይ ቆመ። እዚህ ጋ ተናድጄ ነበር፣ አልደብቃችሁም።

ግን ማስታወስን የሚለካ የውኃ ፈተና አለ። ተመራማሪው ሪቻርድ ሞሪስ 1981 ላይ ያወጣው ነው፤ መጀመሪያ ለአይጠ መጎጥ ነበር፣ ኋላ ለአይጥም ሆነ። ክብ ገንዳ ውስጥ የደፈረሰ ውኃ ይሞላል፤ ከውኃው በታች መቆሚያ ይደበቃል። እንስሳዋ መቆሚያውን አታየውም፤ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ያሉትን ምልክቶች እያየች ቦታውን ትለምዳለች። ጤነኛዋ ከጥቂት ቀን በኋላ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የታመመችው አጠገቡ ደርሳ ታልፈዋለች፣ ትዞራለች፣ ደግሞ ታልፈዋለች።

ይሄን ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩት።

ለፋሲካ የግቢያችንን በር ሰማያዊ ቀባሁት። ድሮ አረንጓዴ ነበር። ከቅዳሴ ስትመለስ አያቴ በሩን አልፋ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ደግሞ አለፈች። እኔ ደጃፍ ቆሜ «ኧረ እዚህ ነው!» እያልኩ እስቃለሁ። እናቴ ናት የገባት። «ቀለሙን ነው ያጣችው» አለችኝ።

በማግስቱ መልሼ አረንጓዴ ቀባሁት። ጎረቤት «ምነው፣ ቀለም ተረፈህ እንዴ?» አለኝ። አያቴ ሳይደርቅ መጥታ በመዳፏ ዳበሰችው፣ ከዚያ ገባች። የነጠላዋ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀረ፤ እናቴ አላስለቀቀችውም።