ቀስቱን አስቀምጠን እንያት

ክቡራትና ክቡራን፣ የንባብ ክበቡ አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ።

የጋበዛችሁኝ ስለ ዲስቶፒያ ልብ ወለድ ጀግና ሴቶች እንድናገር ነው፤ ክፉ አገዛዝ ሰውን እስከ ጓዳው ዘልቆ ስለሚያዝበት የምናብ ዓለም ማለት ነው። ርእሱ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድማ የምትታወሰን ካትኒስ ኤቨርዲን ናት፤ ሱዛን ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው «ዘ ሀንገር ጌምስ» ውስጥ በታናሽ እኅቷ ፋንታ፣ ገዢዎቹ ልጆችን እርስ በርስ በሚያጋድሉበት ውድድር ለመግደልና ለመሞት ራሷን የሰጠችው የ16 ዓመት ልጅ። መጽሐፉ ገበያውን ከያዘ በኋላ መሣሪያ የታጠቁ ልጃገረዶች በየሽፋኑ ላይ ፈሉ። እኔ ግን ቀስት የያዘች ሴት ስላየሁ ብቻ አልደነቅም። ወንዱ ጀግና ይፈጽመው የነበረውን ግድያ ለሴት ማሸከም ልብስ ከመቀየር አያልፍም። እኔ የምጠይቀው አገዛዙ ከሴቲቱ ምን ይፈልጋል ብዬ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከማርጋሬት አትውድ የ1985 ልብ ወለድ፣ ከ«ዘ ሀንድሜይድስ ቴል» የተሻለ መነሻ አላውቅም። ተራኪዋ አገዛዙ ለሹማምንቱ ልጅ እንድትወልድ ሳያስገድዳት በፊት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ፣ ባልና ልጅ ያላት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ሲጋራ ልትገዛ ሱቅ ትገባለች፤ የሒሳብ ቁጥሯ አይሠራም። የዚያኑ ዕለት እሷና የሥራ ባልደረቦቿ ይባረራሉ። የሴቶች ሁሉ የባንክ ሒሳብ ታግዷል፤ ገንዘቡን ማንቀሳቀስ የሚችለው ባል ወይም የቅርብ ወንድ ዘመድ ብቻ ሆኗል። ባሏ ሉክ ክፉ ሰው አይደለም። ያቅፋታል፣ ያጽናናታል፣ እንደሚንከባከባትም ይነግራታል። እሷ ግን የሆነው ነገር እሱን ያን ያህል እንዳልከፋው ትጠረጥራለች። በመጽሐፉ ውስጥ ስቅላትም አለ፣ ስለላም አለ፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህ ጥርጣሬ ነው። አዋጁን የሚያወጣው መንግሥት ቢሆንም በየቤቱ የሚያጸናው ደግ ባል ሊሆን ይችላልና።

አትውድ የሰው ልጅ አንድ ቦታ፣ አንድ ዘመን ያላደረገውን ነገር በመጽሐፏ ውስጥ እንዳላስገባች ተናግራለች። እውነቷን ነው። ሮማኒያ ውስጥ ኒኮላይ ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ጽንስ ማቋረጥን በአዋጅ ሲከለክል፣ የሴት ማሕፀን የመንግሥት ዕቅድ ማስፈጸሚያ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ካትኒስ እንመለስ። አባቷ በማዕድን ፍንዳታ ሞቷል፤ እናቷ ሐዘኑ አድቅቋት ተኝታለች፤ ቤቱን በአደን የምታኖረው እሷ ናት። አብሯት ለውድድሩ የተወሰደው ፒታ ደግሞ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣ ኬክ የሚያስጌጥ፣ አንደበቱ የሚወደድ። ኮሊንስ ይህን ያለ ስብከት ነው የጻፈችው፤ ብልኅ ናት። ለገዢዎቹ ግን አዳኝ ሴት አትበቃቸውም። ባለሙያዎች የገላዋን ፀጉር ነቅለው፣ ቀሚስ አልብሰው በቴሌቪዥን ያቀርቧታል። በሁለተኛው መጽሐፍ ፕሬዚዳንት ስኖው ራሱ ቤቷ ድረስ መጥቶ ለፒታ ያላት ፍቅር እውነተኛ መሆኑን ሕዝቡን እንድታሳምን ያስጠነቅቃታል። ቀስቷ ያላሳሰበው ሰው በፍቅሯ ይጨነቃል! ምክንያት አለው። ውድድሩ አንድ ሰው ብቻ እንዲተርፍ ያዛል፤ በመጨረሻው ላይ ከፒታ ጋር አብራ ለመሞት መርዛማውን ፍሬ ያነሳችው ስለ ፍቅር ብላ ካልሆነ፣ በመንግሥት ላይ አምጻ ነው ማለት ነው። ያፈቀረች ልጃገረድ ይቅር ትባላለች፤ ያመጸች ግን አትባልም።

ሦስተኛውን መጽሐፍ ያላነበባችሁ ጆሯችሁን ያዙ። ካትኒስ ስኖውን እንድትገድል በተሰጣት ቀስት የአማፂያኑን መሪ ኮይንን ትገድላለች። ኮይን ሴት ናት። ሥልጣኑን እንደያዘችም የተሸናፊዎቹን ልጆች ለተመሳሳይ ውድድር ማቅረብ አምሯት ነበር። የሴት መሪ መምጣት ብቻውን የሚያረካው አንባቢ ይህን ገጽ ደግሞ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ከሁሉም የማስበልጣት ግን ብዙ ጊዜ የማትጠቀሰዋን ሎረን ኦላሚናን ነው። ኦክታቪያ በትለር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችውና ርእሱን ከወንጌሉ የዘሪው ምሳሌ በወሰደው ልብ ወለድ ውስጥ ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ወጣት ናት። ሰፈሯ ሲወድም ወንድ መስላ በእግሯ ወደ ሰሜን ትጓዛለች፤ በዚያ መንገድ ላይ ሴት መስሎ መታየት አደጋ ነውና። ሎረን የሌላውን ሥቃይ ስታይ በራሷ ገላ ላይ ይሰማታል። ተኩሳ የመታችው ሰው ሲወድቅ እሷም ትወድቃለች። በትለር መሣሪያውን ሰጥታት ዋጋውንም አብራ አስከፈለቻት። በየሽፋኑ ላይ ከፈሉት ልጃገረዶች ስንቶቹ ይህን ይከፍላሉ?

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ካትኒስ በመጨረሻ ከፒታ ጋር ልጆች ትወልዳለች፤ እሺ ለማለት 15 ዓመት ፈጅቶባታል። ብዙ አንባቢዎች ደራሲዋ ጀግናዋን ወደ ጓዳ መለሰቻት ብለው ይቆጣሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ መውለድን የጠላችው ልጅዋን ለውድድሩ ላለመገበር ነበር፤ ውድድሩ ደግሞ ቀርቷል። ሆኖም በዚያ ገጽ ላይ የፒታ ፍላጎት ከእሷ ፍላጎት በላይ ጎልቶ መጻፉ እኔንም ይቆረቁረኛል። ከእናንተ መካከል ከዚህም በላይ የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ ይታየኛል፤ ስለዚህ ማይክሮፎኑን ልልቀቅላችሁ። አመሰግናለሁ።